ፊርማው ልክ ነው ይላል፤ የማን? በምን ላይ?

«ቲቸር፣ አዲሱን ቅጂ አወረድኩት። ፊርማውንም ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ልክ ነው ይላል። ግን ማጫወቻው አልከፈት አለኝ።»

የተማሪዬን መልእክት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማጫወቻ? እኔ ማጫወቻ የሚባል ነገር አላስገባሁም። የፊዚክስ ትምህርቶቼን በቪዲዮ እቀዳለሁ፣ በቶረንት (ሰዎች ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በቀጥታ በሚቀባበሉበት መንገድ) እለቃለሁ፣ በቃ። ያን ጊዜ 37 ክፍል ደርሼ ነበር። ፎልደሩ ውስጥ 37 ቪዲዮ፣ የየቪዲዮውን መለያ ቁጥር፣ ማለትም ሃሽ፣ የያዘ አንድ ዝርዝርና ዝርዝሩ የእኔ መሆኑን የሚያሳይ አንድ የዲጂታል ፊርማ ፋይል አለ፤ በድምሩ 39። «እስቲ ስንት ፋይል እንዳለ ቁጠርልኝ» አልኩት። «40» አለኝ። ልቤ ድንግጥ አለ።

አንድ ሰው ፎልደሬን እንዳለ ወስዶ፣ «መጀመሪያ ይህን ክፈት» የሚል ፕሮግራም ጨምሮበት፣ በዚያው ስም ሌላ ቶረንት ሠርቷል። ቪዲዮዎቹ የእኔው ናቸው። ዝርዝሩም የእኔ ነው። ፊርማውም የእኔ ነው። ተማሪዬ ያስተማርኩትን አንድም ሳያጎድል አድርጓል፤ ኮምፒውተሩም አልዋሸውም። ፊርማው የሚመሰክረው ለዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ የሚመሰክረው ለ37ቱ ቪዲዮዎች ነው። ስለ 40ኛው ፋይል የጠየቀው የለም፣ እሱም አልተናገረም። ደግነቱ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ ነበር፣ የልጁ ማሽን ደግሞ ሊነክስ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር እንደ አንድ የትምህርት ርዕስ ይዤ ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ። እዚህ የምጽፈው እኔ ራሴ ፋይል ስቀበልና ስለቅ የማደርገውን ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሦስቱን ጥያቄዎች አትቀላቅሉ

ማዕከል በሌለው መረብ ላይ ፋይሉ የሚመጣላችሁ ከማታውቁት ሰው ኮምፒውተር ነው። ይሄ ችግር አይደለም፤ መረቡ የተሠራው ለዚሁ ነው። መጠየቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ፋይሉ ሳይጎድልና ሳይለወጥ ደርሶኛል ወይ? ሁለተኛ፣ ያወጣው የየትኛው ቁልፍ (ፊርማ የሚሠራበትና የሚረጋገጥበት ረጅም ቁጥር) ባለቤት ነው? ሦስተኛ፣ ያ የቁልፍ ባለቤት እኔ የማስበው ሰው ነው ወይ?

የመጀመሪያውን ሃሽ ይመልሳል። ሁለተኛውን ፊርማ ይመልሳል። ሦስተኛውን ግን መረቡ ውስጥ ያለ ምንም ነገር አይመልስላችሁም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛው ሲመለስለት ሦስተኛውም አብሮ የተመለሰ ይመስለዋል።

ሃሽ ላይ ብዙ አልቆይም። የፋይሉን ይዘት ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አጭር ቁጥር የሚያወጣ ስሌት ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ብራም ኮኸን በ2001 ያወጣው ቢትቶረንት፣ ቶረንት የሚሠራበት ስርዓት፣ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ማግኔት ሊንክ (ቶረንቱን የሚያስጀምረው አድራሻ) ውስጥ የምታዩት የ40 ፊደላትና አኃዞች ድርድር የቶረንቱ ሃሽ ነው፤ ስሌቱም ኤስኤችኤ-1 ይባላል። በ2017 የጉግልና የአምስተርዳሙ የሲደብልዩአይ ተቋም ተመራማሪዎች ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት የኤስኤችኤ-1 ሃሽ እንዲኖራቸው አድርገው አሳይተዋል። ሁለተኛው የቢትቶረንት ስሪት ወደ ኤስኤችኤ-256 ተሻግሯል። ቶረንት የምትሠሩበት ፕሮግራም የሚፈቅድላችሁ ከሆነ እሱን ምረጡ።

አንድ የቆየ ታሪክ ግን ልጨምር። ካዛ የሚባለው የፋይል መቀባበያ ፕሮግራም የሚሠራበት ፋስትትራክ የሚባል መረብ ነበር። ትልልቅ ፋይሎችን ቶሎ ለመጨረስ ሲባል ሃሹ ሙሉውን ፋይል አያነብም፤ እየዘለለ የተወሰነ ቦታ ብቻ ነው የሚያነበው። ያልተነበበውን ቦታ ማበላሸት ሃሹን አይለውጠውም። ሆን ብለው መረቡን ለመበከል የፈለጉ ሰዎች ይህን አወቁበት፤ የተበላሹ ዘፈኖችም በትክክለኛ ሃሽ መሰራጨት ጀመሩ። ከተማሪዬ ጋር ያጋጠመን ነገር ከዚህ አይለይም። ያልተነበበ ነገር አይጠበቅም።

ደግሞ ልብ በሉ። «ሃሹ ልክ ነው» ማለት ሊንኩን የሰጣችሁ ሰው ያሰበው ፋይል ደረሳችሁ ማለት ነው። ሊንኩን የሰጣችሁ አጭበርባሪ ከሆነ የአጭበርባሪውን ፋይል አንዲት ባይት ሳትጎድል ትቀበላላችሁ። በየካቲት 2016 ሊነክስ ሚንት የሚባለው የሊነክስ ስርጭት ድረ ገጽ ተሰብሮ የማውረጃ ሊንኩ የኋላ በር (ለሰርጎ ገብ የተተወ ድብቅ መግቢያ) ወደተገጠመለት ቅጂ እንዲያመራ ተደርጎ ነበር። ሊንኩን መለወጥ የቻለ ሰው ከጎኑ የተጻፈውን ሃሽ መለወጥ አያቅተውም። ስለዚህ ከፋይሉ ጋር አንድ ገጽ ላይ የተቀመጠ ሃሽ በማውረድ ላይ የደረሰ ብልሽትን ያሳያችኋል እንጂ ከተንኮል አያድናችሁም።

አድራሻው ራሱ ቁልፍ ሲሆን

ሃሽ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ አይታደስም። 38ኛውን ክፍል ስጨምር ሃሹ ይለወጣል፣ አሮጌውን ሊንክ የያዘ ሰው አዲሱን አያገኝም። መፍትሔው በሃሽ ፈንታ ይፋዊ ቁልፍን አድራሻ ማድረግ ነው። የግል ቁልፉን የያዘ ሰው ብቻ በዚያ አድራሻ ላይ አዲስ ነገር ማስቀመጥ ይችላል። ማንም ሰው ደግሞ በይፋዊው ቁልፍ ፊርማውን ያረጋግጣል። እንደ ማኅተም አስቡት። ማኅተሙ እኔ ጋ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ምልክቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ኢያን ክላርክ የጀመረውና በ2000 የወጣው ፍሪኔት የተባለው መረብ ይህን ቀድመው ካደረጉት አንዱ ነው። ከ2023 ጀምሮ ሃይፋኔት ይባላል። እዚያ ብዙ ዓይነት አድራሻ አለ። ሲኤችኬ የሚባለው የይዘት ሃሽ ነው፣ አይለወጥም። ኤስኤስኬ የተፈረመ ነው፣ ባለ ቁልፉ ብቻ ይጽፍበታል። ዩኤስኬ ኤስኤስኬን በስሪት ቁጥር የሚያስከትል ነው፣ አዲስ ስሪት ሲኖር ፈልጎ ያመጣል። ኬኤስኬ ደግሞ ከአንድ ተራ ቃል የሚወለድ ቁልፍ ነው። ቃሉን የሚያውቅ ወይም የሚገምት ሁሉ እዚያ መጻፍ ስለሚችል ለአሳታሚነት አትመኑት።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቀቅ የምትሉበት ነገር አለ። ሃይፋኔት ላይ ቁልፍ ስትፈጥሩ ሁለት አድራሻ ይሰጣችኋል፤ አንዱ ለማስገባት፣ አንዱ ለማንበብ። ሁለቱም በተመሳሳይ ሦስት ፊደላት ነው የሚጀምሩት። ለዓይን መንታ ናቸው። የማስገቢያውን በስህተት ለሰው ከሰጣችሁ ማኅተማችሁን አሳልፋችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። እኔ የማስገቢያውን አድራሻ ፋይል ስሙን «አይሰጥም» ብዬ ነው የማስቀምጠው።

ቢትቶረንትም ተመሳሳይ ነገር አለው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ዲኤችቲ በሚባለው የጋራ ማውጫ ላይ ትንሽ የተፈረመ ማስታወሻ ማስቀመጥ ይቻላል። ጠጋ ብለን እንየው። ማስታወሻው ከ1000 ባይት በታች መሆን አለበት፤ ስለዚህ ቪዲዮ አይቀመጥበትም፣ «የአሁኑ ቶረንት ሃሽ ይሄ ነው» የሚል ብቻ ነው የሚያዝበት። ከጎኑ 32 ባይት ይፋዊ ቁልፍ፣ 64 ባይት ፊርማና አንድ ተራ ቁጥር አለ። ፊርማው ኢዲ25519 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ዳንኤል በርንስታይንና ባልደረቦቹ በ2011 ያወጡት።

ተራ ቁጥሩ ለምን አስፈለገ? የአምና ማስታወሻዬም የእኔ ፊርማ አለበት። ፊርማ አያረጅም። ተንኮለኛ ሰው አዲስ ፊርማ መሥራት ባይችል እንኳ አሮጌውን አንስቶ «የአሁኑ ይሄ ነው» ብሎ መልሶ ሊያስቀምጥ ይችላል። ተራ ቁጥሩ ፊርማው ውስጥ ስላለ ማስታወሻውን የያዘው ኮምፒውተር 12ን ይዞ 11 ሲመጣለት አይቀበልም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የመጨረሻውን ያያችሁትን የስሪት ቁጥር ያዙ። ወደ ኋላ ከሄደ አንድ ነገር አለ።

ይህ ማስታወሻ ካልታደሰ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊጠፋ ስለሚችል በየሰዓቱ ማደስ ይመከራል። ደስ የሚለው ማደሱ የግል ቁልፍ አይፈልግም። ቀድሞ የተፈረመውን የያዘ ማንኛውም ሰው እንዳለ መልሶ ማስቀመጥ ይችላል። ተማሪዎቼ ኮምፒውተሬ ጠፍቶ እንኳ ያድሱልኛል።

አይፒኤፍኤስ በሚባለው ሌላ የፋይል መረብ ላይ ሲአይዲ የሚባለው አድራሻ የይዘቱ ሃሽ ነው፤ አይፒኤንኤስ ደግሞ በቁልፍ የተፈረመ፣ ወደ ፈለጋችሁት ሲአይዲ የሚያመለክት ስም። የስሙ መዝገብ ጊዜው ስለሚያልፍበትና እንደገና መፈረም ስላለበት ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ ባለ ማሽን ነው የሚቀመጠው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ሌላው ደግሞ፣ ፕሮግራሙ ሲጫን አብሮ የሚፈጠረውን የማሽኑን ቁልፍ ለኅትመት አትጠቀሙበት። ለብቻው ስም የሰጣችሁት ቁልፍ ፍጠሩ። ማሽን ስትቀይሩ እሱን ይዞ መሄድ ይቀላል።

ፋይል ስትቀበሉ

በመጀመሪያ ቁልፉን ከፋይሉ ውጭ አግኙት። ቶረንቱ ውስጥ ፋይሉም፣ ፊርማውም፣ ይፋዊ ቁልፉም አብረው ካሉና ቁልፉን ከዚያው ከወሰዳችሁት ምንም አላረጋገጣችሁም። ውሸታም ሰው የራሱን ቁልፍ ሠርቶ፣ በእሱ ፈርሞ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ ያስገባዋል። ኮምፒውተራችሁም «ልክ ነው» ይላችኋል። በእርግጥም ልክ ነው፤ ውሸታሙ በትክክል ፈርሟል።

ከሁለት የተለያየ መንገድ ውሰዱት። እርስ በርስ የማይገናኙ መንገዶች መሆን አለባቸው። ከአሳታሚው ገጽና ከዚያው ገጽ ከወጣ ኢሜይል መውሰድ አንድ መንገድ ነው። ከገጹና ከሁለት ዓመት በፊት ከወጣ ቶረንት ግን ሁለት መንገድ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው በአካል ወይም በምታውቁት ድምፅ በስልክ ነው።

ሲነበብ ደግሞ ሙሉውን አንብቡ። እኔ ሚኒሳይን የሚባለውን የፍራንክ ዴኒስን ትንሽ የመፈረሚያ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ይፋዊ ቁልፉ 56 ምልክቶች (ፊደላት፣ አኃዞች፣ አንዳንዴም + እና /) ነው፤ በአራት በአራት ሲከፈል 14 ቡድን ይሆናል። የሁሉም ሰው ቁልፍ የሚጀምረው በእንግሊዝኛዎቹ አር እና ደብልዩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያውን አይቶ «አዎ ይሄው ነው» ማለት ዋጋ የለውም። ካፒታልና ስሞል ይለያል፤ ሲነበብ መባል አለበት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው።

ጂፒጂ የሚባለውን ሌላ የመፈረሚያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ሰዎች ደግሞ በስምንት አኃዝ አጭር መለያ አትመኑ። በዚያ ርዝመት ተመሳሳይ መለያ ያለው ቁልፍ መሥራት ለተራ ኮምፒውተር ቀላል እንደሆነ በ2014 በአደባባይ ታይቷል። ሙሉውን የ40 አኃዝ አሻራ፣ ማለትም የቁልፉን ሙሉ መለያ፣ ተመልከቱ። «ይፋዊ ቁልፍ የለም» ሲላችሁም በችኮላ የቁልፍ ማከማቻ ሰርቨር ላይ በስም ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን አታስገቡ። ቁልፍ ላይ ያለው ስም ቁልፉን የሠራው ሰው የጻፈው ነው። የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል። የእኔንም ስም።

ቁልፉን ካገኛችሁ በኋላ አስቀምጡት። ከጎኑ ከየት፣ መቼ፣ ከማን እንደወሰዳችሁት ጻፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ «ይህን ቁልፍ ለምንድን ነው የማምነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ስትጠይቁ መልሱ እዚያው ይገኛል። በመጀመሪያ ቀን በደንብ ማረጋገጥ ካልቻላችሁ እንኳ ያዙት። ሁልጊዜ ያው ቁልፍ ከመጣ ቢያንስ የመጀመሪያው ሰውዬ እንዳልተለወጠ ታውቃላችሁ። እውነተኛ ስማቸውን ለማይገልጹ አሳታሚዎች ያለውም መንገድ ይሄ ነው። ለዓመታት በአንድ ቁልፍ ጥሩ ሥራ ያወጣን ሰው፣ መልኩን ሳላውቅ፣ ከብዙ ስመ ጥሩ ሰው ይልቅ አምነዋለሁ።

ከዚያ ወደ ማረጋገጡ ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍታችሁ ሚኒሳይን ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ካፒታል ቪ፣ ስሞል ኤም፤ ከዚያ የፋይሉ ስም። እንደገና ሰረዝና ካፒታል ፒ፤ ከዚያ ቁልፉ። የፊርማው ፋይል ከዋናው ፋይል ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ይሁን።

መልሱን አንብቡት፤ «ልክ ነው» የሚለውን ብቻ ፈልጋችሁ አትለፉት። ሚኒሳይን ፊርማው መረጋገጡን ከነገራችሁ በኋላ «የታመነ አስተያየት» ብሎ አንድ መስመር ያሳያችኋል። ያ መስመር ራሱ የተፈረመ ነው። አሳታሚው ሌላ ካልጻፈበት የተፈረመበትን ጊዜና የፋይሉን ስም ይይዛል። 38ኛውን ክፍል አወረድኩ ብላችሁ መስመሩ የ21ኛውን ስም ከነገራችሁ አንድ ሰው የድሮ ፋይሌን ከነፊርማው ስሙን ለውጦ ሰጥቷችኋል። ፊርማ ፋይሉን እንጂ ከውጭ የተለጠፈበትን ስም አይጠብቅም። ፊርማው ፋይል አናት ላይ «ያልታመነ አስተያየት» የሚል ሌላ መስመር አለ፤ እሱን ማንም ሊለውጠው ስለሚችል እለፉት።

ጂፒጂ ደግሞ «ጥሩ ፊርማ» ካለ በኋላ ከሥር ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ይህ ቁልፍ በታመነ ፊርማ አልተረጋገጠም፣ የባለቤቱ ስለመሆኑም ምልክት የለም ይላል። አንዳንዱ ይህን አይቶ ደንግጦ ፋይሉን ያጠፋል። አብዛኛው ደግሞ ጭራሽ አያነበውም። ማስጠንቀቂያው የሚላችሁ «ፊርማው ልክ ነው፤ የቁልፉን ባለቤት ግን አንተ አልነገርከኝም» ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ለእናንተ መተዉ ነው። ባላችሁ አሻራ አስተያዩትና መልሱት።

«ልክ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ ታሪክ አለ። ትራንስሚሽን ብዙዎቻችን ቶረንት የምናወርድበት ፕሮግራም ነው። በመጋቢት 2016 ከራሱ ድረ ገጽ የሚወርደው የማክ መጫኛ፣ ስሪት 2.90፣ ኬሬንጀር የሚባል ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ተጨምሮበት ተገኘ። መጫኛው ተፈርሟል። የፈረመበት የአፕል ሰርተፊኬትም ትክክለኛ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ያለ ተቃውሞ ከፈተው። ግን ፈራሚው ከዚያ በፊት የትራንስሚሽንን መጫኛዎች ይፈርም የነበረው አልነበረም። ፊርማው ልክ ነው፤ የሌላ ሰው ነው እንጂ። ባለፈው ጊዜ ማን እንደፈረመ ጽፎ የያዘ ሰው ለውጡን ማየት ይችል ነበር።

ራሳችሁ ስትለቁ

ቁልፉን ለመፍጠር ሚኒሳይን፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ካፒታል ጂ። የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል፤ ረጅም ስጡት፣ ባዶ አትተዉት። ይፋዊው ቁልፍ ያላችሁበት ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። የግሉ በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይገባል። ለመፈረም ሰረዝ፣ ካፒታል ኤስ፣ ስሞል ኤም፣ የፋይሉ ስም። ሰረዝ ስሞል ቲ ብላችሁ የራሳችሁን የታመነ አስተያየት መጨመር ትችላላችሁ። እኔ የስብስቡን ስም፣ የስሪቱን ቁጥርና የፋይሎቹን ብዛት እጽፍበታለሁ።

ምን ላይ ነው የምትፈርሙት? ወደ 40ኛው ፋይል ተመለስን። ብዙ ፋይል ያለው ሰው እያንዳንዱን አይፈርምም። የሁሉንም ሃሽ በአንድ ዝርዝር ያወጣና ዝርዝሩን ይፈርማል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ብዙ የሊነክስ ስርጭቶችም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ግን ዝርዝሩን የሚያመሳክረው ፕሮግራም የተጻፉትን ፋይሎች ብቻ ነው የሚያይ። ያልተጻፈ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ቢኖር ድምፁን አያሰማም።

አሁን ሁለት ነገር ነው የማደርገው። ዝርዝሩን አሁንም እፈርማለሁ፤ ፋይሎቹን በፍላሽ ለሚቀባበሉት ይጠቅማቸዋል። ከዚያ በላይ ግን የቶረንት ፋይሉን ራሱን እፈርማለሁ። የቶረንት ፋይሉ ውስጥ የሁሉም ፋይል ስም፣ መጠንና ሃሽ አለ። አንድ ፋይል የጨመረ ሰው ሌላ ቶረንት ሠራ ማለት ነው፣ በዚያ ላይ ደግሞ የእኔ ፊርማ አይሠራም። ፊርማውን ከቶረንቱ ጋር ጎን ለጎን እለቃለሁ። ተማሪዎቼ ማውረድ ሳይጀምሩ ነው የሚያረጋግጡት። 20 ጊጋባይት አውርዶ «ልክ አይደለም» ከመባል ይህ ይሻላል።

ስለ አይፒኤንኤስ እመለሳለሁ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። የአድራሻው ቁልፍ ቀን ከሌሊት ኢንተርኔት ላይ ባለ ማሽን ይኖራል። ስለዚህ ሊሰረቅ ይችላል ብላችሁ አስቡ። ይዘቱን የምትፈርሙበት ቁልፍ ሌላ ይሁን፤ ከኢንተርኔት በተነጠለ ማሽን ወይም ስትፈርሙ ብቻ በምትሰኩት ፍላሽ ላይ። አድራሻችሁ ቢጠለፍ ሌባው ሰውን ወደ ሌላ ፋይል መምራት ይችላል፣ በዚያ ፋይል ላይ ግን ፊርማችሁን ማሳረፍ አይችልም።

ቁልፍ ሲጠፋ፣ ቁልፍ ሲሰረቅ

አንድ ቀን ጠዋት ላፕቶፔ አልነሳ አለ። ዲስኩ ሞቷል። ቪዲዮዎቹ ሌላ ቦታ ነበሩ፣ ተማሪዎቼም ሲድ ያደርጓቸዋል፣ ማለትም ከኮምፒውተራቸው ለሌላው ያካፍሏቸዋል። የግል ቁልፌ ግን እዚያ ብቻ ነበር።

አዲስ ቁልፍ መፍጠር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አዲሱ የእኔ መሆኑን ማሳየት ግን ሌላ ነው። አሮጌው ቢኖር በአሮጌው እፈርምበት ነበር። «የድሮ ቁልፌ ጠፍቶብኛል፣ ይሄው አዲሱ» ብዬ ጽፌ ሳነበው ገባኝ፤ ሊያጭበረብር የመጣ ሰው ቃል በቃል የሚጽፈው ይህንኑ ነው። በድምፄ የሚያውቁኝን ተማሪዎች አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። ቁልፉን አነበብኩላቸው። እነሱ ለሌሎች አስተላለፉ። አብዛኛው ሰው ወደ አዲሱ እስኪሻገር ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አሮጌው አድራሻም እስከ ዛሬ አለ፤ አሮጌውን ነገር እያመለከተ፣ ማንም አዲስ ነገር ሊያስቀምጥበት ሳይችል።

ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ እንዲህ ነው። ቁልፉን በፈጠራችሁበት ቀን ሁለት ቅጂ አድርጉ፤ ሁለቱ አንድ ቤት አይኑሩ። በዚያው ቀን ተተኪ ቁልፍ ፍጠሩ። የተተኪውን ይፋዊ ቁልፍ በዋናው ፈርማችሁ ገና ምንም ችግር ሳይኖር አሰራጩት። ተተኪውን የግል ቁልፍ አትንኩት፣ ከዋናው ጋርም አታስቀምጡት። ዋናው ቢጠፋ ሰው ተተኪውን ቀድሞ ያውቀዋል።

ስርቆት ከመጥፋት ይከፋል። ቁልፍ ሲጠፋ አሳታሚው ዝም ይላል፤ ሲሰረቅ ሌላ ሰው በእሱ አንደበት ይናገራል። ጂፒጂ ለዚህ የመሻሪያ ሰነድ አለው፤ የቅርብ ጊዜ ስሪቶቹ ቁልፍ ሲፈጠር አብረው ያዘጋጁታል፣ ፈልጋችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ሚኒሳይንና ዲኤችቲ ግን መሻሪያ የሚባል ነገር የላቸውም። ስለዚህ ያለው መንገድ መናገር ነው፤ ቶሎ፣ በሁሉም መንገድ፣ ሳያፍሩ። «ከዚህ ቀን ወዲህ በዚህ ቁልፍ የተፈረመውን አትቀበሉ» ማለት። አፍሮ ዝም ያለ አሳታሚ ሌባውን ይረዳዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ፊርማ የማይሸፍነው አንድ ቦታ ይቀራል፤ ፈራሚው ራሱ። በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር በብዙ የሊነክስ ሲስተሞች ውስጥ ያለው ኤክስዜድ የሚባል የማመቂያ ሶፍትዌር ላይ የኋላ በር አገኘ። ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ነበሩ። ያስገባው «ጂያ ታን» በሚል ስም ለዓመታት ሥራውን ሲያግዝ ቆይቶ የታመነ ሰው ነው። የተሰረቀ ቁልፍ አልነበረም። ፊርማው ልክ፣ ቁልፉም የእሱ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ፕሮግራም ስታወርዱ ከቪዲዮ ይልቅ ቆም በሉ። የወጣ ዕለት አትሩጡበት። ለቪዲዮና ለጽሑፍ የተሰጠ እምነት ለፕሮግራም አይተላለፍ። እኔ ተማሪዎቼን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ በእኔ ቁልፍ ቢፈረም እንኳ ከእኔ ፕሮግራም አትቀበሉ፣ እኔ ፕሮግራም አልሠራም።

ያ 40ኛውን ፋይል ያገኘው ልጅ አሁን አዲስ ለሚመጡት ቁልፉን የሚያነብላቸው እሱ ነው። ባለፈው አንዷ ደውላልኝ «ከእሱ ሰምቻለሁ፣ ግን ከእርስዎም መስማት አለብሽ ብሎኛል፤ ላንብብልዎት?» አለችኝ። ወረቀቴን አወጣሁ። «ካፒታል አር፣ ካፒታል ደብልዩ...» ብላ ጀመረች። ዘጠነኛው ቡድን ላይ ስሞል ኤልን እንደ አኃዝ አንድ አነበበችው። አስቆምኳትና ከመጀመሪያው አስጀመርኳት። በሁለተኛው ዙር 14ቱም ገጠሙ። «አሁን ጻፊው፣ ቀኑንም ከጎኑ» አልኳት፤ እሷም ስትጽፍ ይሰማኝ ነበር።